«እኔ አልመታሁም»፦ ስለ ጉርምስና ጓደኝነትና ስለ ጎዳና ዓመፅ

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ወደ መሀል ከተማ በሚወርደው በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በሽሮ ሜዳም ይሁን በአዲሱ ገበያ፣ ልጆች ጓደኛሞች የሚሆኑት አብዛኛውን ጊዜ መርጠው ሳይሆን ጎረቤት ሆነው በመገኘታቸው ነው። የሸማኔው ልጅ፣ ከተራራው ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ የምትወርደው እናት ልጅ፣ የመንግሥት ሠራተኛውም ልጅ በአንድ ክፍል ይማራሉ፤ አንድ ኳስ ያባርራሉ፤ አንዱ በሌላው ቤት ሳይጠራ ገብቶ ቁርስ ይቀምሳል። ወላጆቻቸው የአንድ ዕድር አባላት ናቸው፤ ስለዚህም ከአንዱ ቤት ኀዘን ሲገባ ድንኳኑን ለመትከል የሚሯሯጡት፣ ወንበሩን የሚያመላልሱት እነዚሁ ልጆች ናቸው። በከተማ ለሚኖር ድኻ ቤተሰብ ይህ ቀላል ሀብት አይደለም።

ይኸው ሀብት ግን ከዐሥራ ሦስት እስከ ዐሥራ ሰባት ባለው ዕድሜ ውስጥ በአንድ ምሽት ሊጠፋ ይችላል። ትናንት አብረው የበሉ ልጆች ነገ በሦስት ቦታ ይገኛሉ፤ አንዱ በሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ሁለተኛው በፖሊስ ጣቢያ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከቤቱ ሳይወጣ በር በተንኳኳ ቁጥር እየደነገጠ። በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የምንሻው ይህ መለያየት እንዴት እንደሚመጣ፣ ሕጉ ለእያንዳንዳቸው ምን እንደሚል፣ ከዚያም በኋላ ወላጅ፣ ጎረቤትና ቁምስና ምን ሊያደርጉ እንደሚገባቸው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሞች ጥቂት እንበል። ሰፈር ለጥፋተኛ የሚሰጠው ስም ብዙ ነው፤ ኪስ አውላቂ፣ ቀማኛ፣ ነጣቂ፣ ማጅራት መቺ። እነዚህ ስሞች ከተፈጸመ ድርጊት የተወሰዱ ስለ ሆኑ አያከራክሩም። «ዱርዬ» እና «ቦዘኔ» ግን ከዚህ ይለያሉ። የመጀመሪያው ከዱር፣ ሁለተኛው ከመቦዘን የመጡ ናቸውና የሚናገሩት ልጁ ስላደረገው ነገር ሳይሆን ስለሚውልበት ስፍራና ሥራ ስለ መፍታቱ ነው። በ1996 ዓ.ም. አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 384 ይህን ሁለተኛ ቃል ከሰፈር አንደበት አንሥቶ የሕግ ቃል አደረገው። የከተማው ሕዝብ በዝርፊያና በድብደባ ተማርሮ ነበርና ሕግ አውጪው ያለ ምክንያት ተነሣ አይባልም። ይሁን እንጂ በዐሥራ አራት ዓመቱ በመንገድ ጥግ ስለ ቆመ ብቻ ቦዘኔ የተባለ ልጅ ስሙን ከሥራው በፊት ይቀበላል፤ ከዚያም ወዲያ የሚሄደው ያ ስም ወደሚከበርበት ቡድን ነው። ከልጁ ጠማማነት የሰፈሩ ምላስ የሚቀድምበት ጊዜ ጥቂት እንዳይደለ ይህ ጸሐፊ ያምናል።

ስለ ድህነት፣ ስለ ሥራ አጥነት፣ ስለ ጫትና ስለ መጠጥ ብዙ ስለ ተጻፈ እዚህ አንደግመውም። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው፤ ነገር ግን ከአንድ ጠባብ ቤት ከወጡ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ሲቀማ ሌላው የማይቀማበትን ምክንያት አይገልጹልንም። ያንን የሚገልጸው ይልቁንስ ማን እንደ ጠራውና ለጥሪው ምን እንደ መለሰ ነው።

መጽሐፈ ምሳሌ በመጀመሪያው ምዕራፍ ከቁጥር 10 እስከ 19 ባለው ክፍል አባት ልጁን ሲመክር የሚያስጠነቅቀው ስለ ስርቆት በጠቅላላው ሳይሆን ስለ ግብዣው ነው። ጠሪዎቹ ለልጁ አብሮ የመሆንን ክብርና ያለ ድካም የሚገኝ ሀብትን ካቀረቡለት በኋላ በመጨረሻ የጋራ ኪስ ይሰጡታል። ልብ ብሎ ለተመለከተው ከሁሉ የሚበረታው ይህ የመጨረሻው ነው። በቤቱ የእኔ የሚለው ነገር ለሌለው ልጅ፣ ያገኘውን ሁሉ በእኩል የሚካፈል ቡድን ከገንዘቡ ይልቅ ወንድማማችነትን ይሰጠዋል። የአባትየውም መልስ የሚያነጣጥረው እዚሁ ላይ ነው፤ ለሰው ያጠመዱት ወጥመድ የሚይዘው ራሳቸውን ነውና የጋራ ኪስ ያላቸው ሰዎች የጋራ መጨረሻም አላቸው።

ይህን ነገር ከቅዱስ አውግስጢኖስ አብልጦ የመረመረ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ354 በዛሬዪቱ አልጄሪያ ምድር በታጋስተ ከተማ የተወለደው ይህ አፍሪካዊ አባት፣ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል፣ በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ከእኩዮቹ ጋር በሌሊት ወጥቶ ከቤተሰቡ የወይን ቦታ አጠገብ ከነበረ ዛፍ ፍሬ መስረቁን ይተርካል። አልተራበም ነበር፤ በቤቱም ከዚያ የተሻለ ፍሬ ነበረው። አብዛኛውንም ለዐሣማ ጣሉት። እንግዲህ ጳጳስ ከሆነ በኋላ፣ የልጅነት ጨዋታ ብሎ ሊያልፈው ሲችል፣ ለምን አደረግሁት እያለ ገጽ በገጽ ይመረምራል። የሚደርስበትም መልስ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ባላደረግሁት ነበር የሚል ነው። ከዚያ ዛፍ የወሰዱት ጣዕም የፍሬው ሳይሆን የአብሮነቱ ነበር፤ ጓደኞቹ ሲነሡ እርሱ አለማፈሩን እንዳያጣ አፈረ።

ያ ዕፍረት በእኛም ዘንድ «ፈራህ እንዴ?» በሚል አጭር ጥያቄ ይመጣል። ወላጆች ልጆቻቸውን «ሌባ አትሁን» ብለው ይመክራሉ፤ ልጁ ግን ሌባ ሁን ተብሎ ተጠርቶ አያውቅም። የሚጠራው እንዳትፈራ ተብሎ ነው። ስለዚህም ምክራችን ወደ ተጠራበት ስፍራ አይደርስም።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እናስብ። የማንም ልጅ ታሪክ አይደለም፤ ለትምህርታችን ያዘጋጀነው ነው። አራት ጓደኛሞች አመሻሽ ላይ በአንድ ቁልቁለት መንገድ ይቆማሉ። አንደኛው በጃኬቱ ውስጥ ጩቤ ይዟል፤ «ለማስፈራሪያ ነው» ብሏቸዋል። አራተኛው ልጅ ነገሩ አላማረውምና እናቴ ትጠብቀኛለች ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሦስተኛው ከመታጠፊያው ላይ ቆሞ ሰው እንዳይመጣ ያያል። ሁለተኛው የአንድ መንገደኛ ልጅ ስልክ ይነጥቃል። መንገደኛው ስልኩን አልለቅም ብሎ ሲታገል ፊቱ በመብራት ይታያል፤ በአንደኛ ደረጃ አብሯቸው የተማረ ልጅ ነው፤ በስማቸውም ይጠራቸዋል። ባለ ጩቤው የሚደነግጠው ይህን ጊዜ ነው። ለማስፈራራት የተያዘ ስለት የሚወጋው ባለቤቱ ራሱ በፈራ ጊዜ ነውና። በማግሥቱ ስልኩ «ለጊዜው አስቀምጥልን» ተብሎ ለዚያ ወደ ቤቱ ለሄደው ለአራተኛው ልጅ ይሰጣል።

ከተያዙ በኋላ ከሁለቱ አፍ የሚወጣው ቃል አንድ ነው፦ «እኔ አልመታሁም»። ይህን ሲሉ አይዋሹም። ነገር ግን ሕጉ የሚጠይቀው ጩቤውን የያዘው እጅ የማን እንደ ሆነ ብቻ አይደለም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 32 ዋና ወንጀል አድራጊ የሚለው በገዛ እጁ የፈጸመውን ብቻ ሳይሆን፣ በሐሳቡና በአድራጎቱ በወንጀሉ ሙሉ በሙሉ ተካፋይ የሆነውንም ነው፤ በአንቀጽ 37 ደግሞ ዐውቆ የረዳውን ተጠያቂ ያደርጋል። ከመታጠፊያው ላይ ቆሞ መንገድ ማየት መርዳት ነው። የተሰረቀ መሆኑን ዐውቆ ስልኩን ማስቀመጥም ራሱን የቻለ ወንጀል ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያው ምሽት በጥበብ ያመለጠው ልጅ በሁለተኛው ቀን በጓደኝነት ይያዛል። በእርግጥ በስፍራው መገኘት ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ሳያውቅ አብሮ የተራመደ ልጅ ንጹሕ ነው። ሆኖም አለማወቁን የሚያስረዳለት ማን ይሆናል? ይህን ለልጆች የሚነግራቸው ሰው እምብዛም የለም፤ ብዙዎች የሚሰሙት በምርመራ ክፍል ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ደግሞ ዕድሜ ይለያቸዋል። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ያለው ወጣት ጥፋተኛ ተብሎ በአንቀጽ 53 መሠረት ለአዋቂዎች የተደነገገው መደበኛ ቅጣት አይፈጸምበትም፤ ከአዋቂ ወንጀለኞችም ጋር አይታሰርም። ዳኛው እንደ ነገሩ ሁኔታ ሊገሥጸው፣ በአሳዳጊ ቁጥጥር ሥር ሊያደርገው ወይም ወደ ጠባይ ማረሚያ ሊልከው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1942 የተቋቋመውና ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛ ሆኖ የኖረው የልደታው ጠባይ ማረሚያ የዚህ ዐሳብ ፍሬ ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት ያለፈው ግን በአንቀጽ 56 መሠረት በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ መንገዱ የአዋቂዎች መንገድ ነው። የሞት ቅጣት ወንጀሉን ሲፈጽም ዐሥራ ስምንት ዓመት ባልሞላው ሰው ላይ አይፈረድም። እንግዲህ በአንድ ወንበር የተማሩ፣ በአንድ ምሽት አንድ ጥፋት ያጠፉ ሁለት ልጆች፣ በልደታቸው መካከል ጥቂት ሳምንት ስላለ ብቻ አንዱ ወደ ጠባይ ማረሚያ፣ ሌላው ወደ መደበኛው እስር ቤት ሊሄዱ ይችላሉ። ሕግ የሆነ ቦታ ላይ መሥመር ማስመር አለበትና ይህ የሕጉ ጥፋት አይደለም። ለልጆቹ ግን የመጀመሪያው የማይመለስ መለያየት ይህ ነው።

በዚህ ላይ ቁምስናን በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ አለ። በአገራችን የልደት ምዝገባ በመንግሥት በኩል በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ለተወለዱ ብዙ ልጆች የዕድሜ ማስረጃ ሆኖ የኖረው የጥምቀት የምስክር ወረቀት ነው፤ እርሱም ከሌለ ዕድሜያቸው በሐኪም ምርመራ ይገመታል። ስለዚህ በቁምስናው መዝገብ ላይ የተጻፈ አንድ ቀን ልጁ ወዴት እንደሚላክ ሊወስን ይችላል። የተጨነቀ ወላጅ መጥቶ ቀኑ እንዲቀየርለት ቢለምን የሚያስገርም አይደለም፤ እንባውም እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ለአንዱ ልጅ የተፋቀ መዝገብ ነገ በእውነት ዐሥራ አራት ዓመት ለሆነው ለሌላው ልጅ የሚመሰክር አይሆንም። ወላጁን ያለ ምስክር ወረቀት መመለስ ሳይሆን፣ እውነተኛውን ወረቀት ይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያው የሕፃናት ጥበቃ ክፍልና ወደ ፍርድ ቤቱ አብሮ መሄድ ይሻላል።

አሁን ወደዚያ ምሽት እንመለስ፤ በመንገዱ ላይ የወደቀውን ልጅ ረስተነዋልና። ጓደኛሞቹ ሮጡ። ያን ጊዜ መቆም የሚችል አንድ ልጅ ቢገኝ ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር። ስለቱ በገላው ውስጥ ቀርቶ ከሆነ አይነቀልም፤ ንጹሕ ጨርቅ ወይም የራስን ልብስ በቁስሉ ላይ፣ ስለቱ ካለም በዙሪያው፣ አጥብቆ መጫን፣ በ907 የቀይ መስቀልን አምቡላንስ መጥራት፣ መኪና ከተገኘም በዚያው በጉለሌ ወደሚገኘው ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል። ይህ የፍቅር ሥራ ብቻ አይደለም። ሕጉ ራሱ በአንቀጽ 575፣ ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት እየቻለ በብርቱ አደጋ ላይ ያለን ሰው ትቶ የሚሄደውን ይቀጣል፤ በአንቀጽ 82 ደግሞ ካጠፋ በኋላ ተጸጽቶ ተጎጂውን የረዳውን፣ ጥፋቱን ያመነውን ወይም እጁን የሰጠውን ሰው ቅጣት ያቀልላል። የሮጠው ልጅ ራሱን ለማዳን ሮጠ፤ ሊያድነው የሚችለውን ነገር ግን ከኋላው ትቶት ሄደ።

የጎዳና ዓመፅ ሁልጊዜ ስልክ ፍለጋ አይደለም። በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. የኦሮሞ ነፃነት ግንባር መሪዎች ከስደት በሚመለሱበት ሰሞን፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በባንዲራ ቀለም ምክንያት ወጣቶች ተጋጩ። በዚያው ሰሞን ከከተማዪቱ በሰሜን ምዕራብ በኩል በምትዋሰነው በቡራዩ በርካታ ሰዎች ተገደሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩም ቤታቸውን ጥለው ሸሹ። በአዲስ አበባም ሕይወት ጠፋ። ፖሊስ ብዙ ወጣቶችን ሰብስቦ ከእነርሱ ውስጥ 1,200 ያህሉን ወደ ጦላይ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ላከ፤ አብዛኞቹም በጥቅምት ወር ተለቀቁ። ስለ ፖለቲካው መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። እኛ የምናየው በአንድ ግድግዳ ሥር ኳስ ሲጫወቱ የኖሩ ልጆች ግድግዳው ምን ዓይነት ቀለም ይቀባ በሚል በሁለት ወገን መቆማቸውን ነው። «ፈራህ እንዴ?» የሚለው ጥያቄ «የማን ወገን ነህ?» ወደሚል ተለወጠ፤ ጠሪውና ተጠሪው ግን ያው ነበሩ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን ወጣት የነበሩ አያቶች ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ስለዚያ ለልጅ ልጆቻቸው አለመናገራቸው የሚያሳዝን ነው።

ታዲያ ልጁን ከጓደኞቹ መነጠል ነውን መፍትሔው? ብዙ ወላጆች እንዲህ ያስባሉ። ወደ ሌላ ሰፈር፣ ወደ ዘመድ ቤት ይልኩታል፤ አንዳንዴም ይጠቅማል። ነገር ግን ጓደኛ የሌለው ልጅ ለሚቀጥለው ጠሪ የተዘጋጀ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ በኪዬሪ ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1832 እኩዮቹን ሰብስቦ የደስታ ማኅበር የተባለ ጓደኝነት መሠረተ፤ ጨዋታውም ትምህርቱም ጸሎቱም አብሮ ነበር። እርሱ ራሱ ለስላሳ ልጅ አልነበረም። ሉዊጂ ኮሞሎ የተባለ ትሑት ጓደኛውን ክፉ ተማሪዎች ሲመቱት አይቶ፣ ዱላ ቢያጣ ከእነርሱ አንዱን በትከሻው ይዞ እንደ ዱላ እያወዛወዘ ሌሎቹን እንደ ደበደበ በማስታወሻው ጽፏል! ኮሞሎ ግን አላመሰገነውም፤ እግዚአብሔር ይህን ጉልበት የሰጠህ ባልንጀሮችህን እንድታጠፋበት አይደለም በሚል ዐሳብ ገሠጸው። የተመታው ልጅ የተበቀለለትን ጓደኛ ለመገሠጽ የደፈረበትን ይህን ነገር ለወጣቶች ደጋግሞ መንገር ይገባል፤ «ፈራህ እንዴ?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የሚሻል መልስ አይገኝምና።

ያው ዮሐንስ ቦስኮ እ.ኤ.አ. በ1841 ካህን ከሆነ በኋላ ከአባ ካፋሶ ጋር የቱሪን ከተማ እስር ቤቶችን ሲጎበኝ፣ ከዐሥራ ሁለት እስከ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያሉ ልጆችን አገኘ። የመረረውም ነገር መታሰራቸው ብቻ አልነበረም፤ በመልካም ዐሳብ የወጡት ልጆች ጥቂት ቆይተው እንደ ገና መመለሳቸው ነበር። በሩ ላይ የሚቀበላቸው ሰው እንዳልነበረ አስተዋለ። በኋላ የሳሌዚያውያን ማኅበር የሆነው ሥራው ከዚህ ማስተዋል የፈለቀ ነው፤ ማኅበሩም እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በመቀሌ ገብቶ በአገራችን ይሠራል።

ልጁን በስሙ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ምን ያህል እንደሚጠቅም አውግስጢኖስም የጓደኛውን የአሊፒዮስን ታሪክ ሲነግረን ያሳያል። አሊፒዮስ በካርታጎ ተማሪ ሳለ በአደባባይ ሲመላለስ፣ አንድ ሌባ የጣለውን መጥረቢያ ምን ይሆን ብሎ ሲያነሣ ተያዘ። ሕዝቡ ሌባው እርሱ ነው ብሎ ሲወስደው፣ የሕዝብ ሕንፃዎች ኀላፊ የሆነ ሰው መንገድ ላይ አገኘው። ይህ ሰው በአንድ ትልቅ ሰው ቤት ብዙ ጊዜ አይቶት ስለሚያውቀው፣ እጁን ይዞ ጉዳዩን ጠየቀ፤ እውነተኛውም ሌባ ተገኘ። የዕድሩ ዳኛ፣ ባለ ሱቁ፣ መምህሩና ካቴኪስቱ በሰፈራቸው ያሉትን ልጆች በስም የሚያውቁ ከሆነ እንደዚያ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። «የእነ እገሌ ልጅ» ማለት ግን አይበቃም።

አደጋው ከደረሰ በኋላ ያለው ሥራ ከሁሉ ይከብዳል። የገዳዩ እናትና የሟቹ እናት የአንድ ዕድር አባላት ናቸው። ድንኳኑ ሲተከል የገዳዩ ቤተሰብ ይምጣ ወይስ ይቅር? ቢመጣ ድፍረት፣ ቢቀር ጭካኔ ይባላል። ጉለሌ የሚለው ስም ራሱ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ ስም ነው፤ ኦሮሞ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ነገር የጉማን ሥርዐት ሠርቶ ኖሯል፤ አማራውም በሽማግሌ ደም ያደርቃል። በሁለቱም ዘንድ ሽማግሌዎች በመካከል ይገባሉ፤ ካሳ ይከፈላል፤ የሁለቱ ቤተሰቦች ልጆች በመንገድ ሲገናኙ እንዳይገዳደሉ ቃል ይገባል። ይህ እርቅ የፍርድ ቤቱን ክስ አያስቀርም፤ የነፍስ ግድያን ክስ የሚያቋርጥ ሽማግሌ የለም። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ ከጨረሰ በኋላም ሁለቱ እናቶች በአንድ መንገድ ይወርዳሉና ያንን መንገድ የሚከፍተው እርቁ ነው። በከተማ ሽማግሌዎች ይህን ሥራ ለገጠር ብቻ የተተወ አድርገው ማሰባቸው ስሕተት ይመስለናል።

የቀረን በምሳሌያችን ወደ ቤቱ የሄደው አራተኛው ልጅ ነው። ስለ እርሱ ማንም አያስብም፤ አልቆሰለም፣ አልመታምና። ነገር ግን ጩቤውን አይቷል፤ የተባባሉትን ሰምቷል፤ ስልኩም በእጁ ነው። ፖሊስ ቢጠራው እውነቱን መናገር አለበት፤ ስልኩንም ሳይጠራ ከወላጁ ጋር ሄዶ ቢያስረክብ ለራሱም ይበጀዋል። ለከባድ ወንጀል ምስክሮች ጥበቃ የሚሰጥ አዋጅ ቁጥር 699 በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ሆኖም «ጓደኛውን ያሳሰረ» ከሚል የሰፈር ቃል የሚጠብቅ አዋጅ የለም። ከዚያ ሊጠብቁት የሚችሉት ወላጆቹ፣ ካህኑና ሌሎች ጓደኞቹ ብቻ ናቸው።

ይህን ጽሑፍ በወጣቶች ጉባኤ ለምታጠኑ ሁሉ፣ ሕጉን ካነበባችሁ በኋላ በዚህ በአራተኛው ልጅ ላይ እንድትወያዩ እንጠይቃለን። በፍርድ ቤት ቆሞ በጓደኛው ላይ እውነቱን መስክሯል። በሚቀጥለው እሑድ እናቱ ያዘጋጀችለትን ምግብ ይዞ ያንኑ ጓደኛውን ለመጠየቅ ወደ ማረሚያ ቤቱ በር ቢሄድ፣ ጓደኛው ሊያየው ይወጣ ይሆን? ባይወጣስ፣ በቀጣዩ እሑድ ደግሞ ይሂድ ትሉታላችሁን?